የአቃቂ መንገድና የአንድ ካሜራ ዋጋ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በነፋስ ስልክና በሣሪስ አድርጎ ቃሊቲ፣ ከዚያም አቃቂ ይደርሳል። መንገደኛው በግራና በቀኝ ፋብሪካና መጋዘን፣ የከባድ መኪናም ሰልፍ ያያል። ይህ የከተማይቱ ደቡባዊ ክፍል ግን ለአንድ ዝነኛ ፊልም አንሺ የመከራ ስፍራ ሆኖ ነበር።

ይህ ሰው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ሆኖ በኮረም ያነሣው ፊልም የወገኖቻችንን ረኃብ ለዓለም አሳየ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍም ዜናውን አይቶ ልቡ ተነካ፤ ጓደኞቹንም ለእርዳታ አሰባሰበ።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ አዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ሲቃጠል አሚን ፊልም ሊያነሣ ሄደ። ፍንዳታው የድምፅ ባለሙያውን ጆን ማታይን ገደለ፤ አሚንንም ግራ እጁን አሳጣው። እርሱ ግን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተሳፈረበት አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ አቃቂ ስትወርድ ይህን አስብ፤ በአንድ ደቂቃ አይተን የምናልፈው ፊልም አንዳንዴ የሰው እጅ፣ አንዳንዴም የሰው ነፍስ የተከፈለበት ነው።