ማንበብና መጸለይ

በሉጋንዳ ቋንቋ «ኦኩሶማ» ማለት ማንበብ ነው፤ መማርም ማለት ነው። እሑድ ማለዳ ወደ ናሚሬምቤ ኮረብታ የሚወጣ ሙጋንዳ ግን በዚሁ ቃል ለጸሎት መሄዱን ይናገራል። የቃሉ ትርጉም እንዲህ የሰፋው ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በ1877፣ የካቶሊክ ካህናት ደግሞ በ1879 እ.ኤ.አ. ቡጋንዳ ከገቡ በኋላ፣ ሃይማኖት መማርና ፊደል መቍጠር አንድ ሥራ ሆኑ። ምእመናኑም «አባሶሚ»፣ ማለትም አንባብያን ተባሉ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በሉጋንዳ በ1896 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አንባቢው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

በካባካ ምዋንጋ ግቢ ከነበሩት አንባብያን ብዙዎቹ ወጣት የእልፍኝ አሽከሮች ናቸው። አለቃቸው ቻርልስ ሉዋንጋ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ የተማረውን ለታናናሾቹ ያስተምር ነበር፤ ሞት መቃረቡን በተረዳ ጊዜም ያልተጠመቁትን በሌሊት አጠመቃቸው። ከተጠመቁት አንዱ ኪዚቶ በአሥራዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1886 ናሙጎንጎ ላይ የሆነውን የካምፓላ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን በእግሩ የሚጎርፈውን ሕዝብም ያያል። ያን ያህል የማይነገረው መምህሩ ከደቀ መዛሙርቱ በጥቂት ዓመታት ብቻ የሚበልጥ ወጣት መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ የኔታ ትዝ ሳይሉት አይቀርም። በቄስ ትምህርት ቤትም ፊደል የለየው ልጅ ላልለየው ያስቈጥራል፤ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከወንጌል ወደ ዳዊት ይሻገራል። 150ው መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የሚጸለይ በመሆኑ «ዳዊት ደገመ» የተባለ ልጅ ማንበብም መጸለይም ቻለ ማለት ነው። ከንባቡ ጎን ለጎን ደግሞ ፊደል ለማየት ብርሃን በማይበቃበት ሰዓት፣ ማታ ማታ የሚሰጥ የቃል ትምህርት አለ። መምህሩ ይላሉ፣ ልጁ ይከተላል። መጽሐፍ አያሻም፤ ትርጉሙም ኋላ ይደረስበታል።

ይሁንና ምእመኑን የቀረጸው ትምህርት ቤቱ ብቻ አልነበረም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው ይቈርባሉ፤ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ጾም ይጀምራል፤ ባልና ሚስት የቤቱን ጠብ የሚያበርዱ፣ ሕመምተኛውን የሚጠይቁ የንስሐ አባት አሏቸው። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በተራ ከአባላቱ ቤት ይገባል፤ ልጆችም ዳቦው እስኪቈረስ በር ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ የቅዱሱን ታሪክ ይሰማሉ። (ብዙ ሰው ሃይማኖቱን የተማረው ዳቦ ሲጠብቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።) ባሏ የሞተባት ባልቴት ቆብ ደፍታ ትመነኵሳለች። ይህን ሁሉ ማንም ሥርዓተ ትምህርት ብሎ አልጻፈውም፤ በጎረቤትና በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ተበትኖ የኖረ ነው።

ካባላጋላና ካንሳንጋ ውስጥ ግን ጎረቤቱ ሌላ ነው፤ ገናውም በሌላ ቀን ይውላል። ስለዚህ ወላጅ ያን የተበተነውን ሁሉ ሰብስቦ ከቅዳሴ በኋላ በምትገኝ አንዲት ሰዓት ላይ ይጭነዋል፤ ሰዓቲቱ ደግሞ አትችለውም። ልጁ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ በሜዳ ሉጋንዳ፣ በቤት አማርኛ ይናገራል፤ ቅዳሴው ግእዝ አለበት። ከዚህ የተነሣ አንዱ ወላጅ «በእንግሊዝኛ ይማሩ» ሲል ሌላው «ፊደል ሳይለዩ ምን ሃይማኖት አለ?» ይላል።

ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። መተርጐም ለዚህች ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የግእዙ ወንጌል ራሱ ከግሪክ የተመለሰ ነው፤ አባ አብርሃም የተባሉት ኢትዮጵያዊ ካይሮ ላይ የደከሙበት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 እ.ኤ.አ. ሙሉው ታትሟል። ግን ቃል ሲሻገር የሚያስቀረው አለ። «ምሥጢረ ሥላሴ»ን በእንግሊዝኛው «ሚስትሪ» ብለው ቢያስተምሩት የካምፓላው ልጅ ሌባ የሚፈለግበት ልብ ወለድ ይመስለዋል። «የንስሐ አባት»ን «ኮንፌሰር» ቢሉትም ኃጢአት የሚሰሙት ካህን እንጂ ቤተ ሰቡን የሚጠብቁት አባት አይታዩም።

ማብራሪያው ልጁ በሚገባው ቋንቋ፣ ጸሎቱ ግን በቃል፣ በግእዝ ቢሰጠው የሚሻል ይመስላል። ለዚህ ፊደል እስኪያውቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚጐድለው ማታ አብሮት የሚል ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። «አቡነ ዘበሰማያት»ን ልጁን የሚያስጠናው አባት ራሱ የቃላቱን ትርጉም አንድ በአንድ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ይቸገራል። እንግዲያው የእሑዱ ክፍል ለጎልማሳውም ወንበር ያስፈልገዋል፤ በቡጋንዳ ወጣቱ ታናሹን እንዳስተማረ ሁሉ፣ አባት ከልጁ ጎን ተቀምጦ ቢማር ነውር የለበትም። አያት ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እንደሆነ ደግሞ ሻንጣቸው ሳይፈታ መምህር ተገኘ ማለት ነው፤ ፊደል ባይቈጥሩ እንኳ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የሚዘልቁ አሉ።

ጉዳዩ የሚያስቸኩለው በአዳሪ ትምህርት ቤት ምክንያት ነው። በኡጋንዳ ብዙ ልጆች ገና በለጋነታቸው አዳሪ ይገባሉ፤ አንዱ የትምህርት ወቅት ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ቅዳሴ የለም፣ የንስሐ አባት የለም፣ አማርኛ የሚናገር ጓደኛም ላይኖር ይችላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚቀርበው ፖሾና ቦሎቄ መቼም ከጾም ምግብ የሚቈጠር ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ግን የመመገቢያው ደወል ነው። ልጁ ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ሳለ በልቡ የሚለው ነገር ካለ፣ ከቤት በቃሉ ይዞት የሄደው ብቻ ነው።