በግፊ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

አዋሽ ሰባት፣ ግንቦት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ሳትከርር ገዋኔን እናልፋለን ብለን ማልደን ተነሣን። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው አንዴ "ቀጭ" አለና ዝም። ደገምኩት፤ ቀጭ። የዳሽቦርዱ መብራቶች ሰሙ እንዳለቀ ጧፍ ደብዝዘው ጠፉ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ስንገባ ደኅና ነበረች። ያገለገለች ፒክአፕ ናት፤ ናፍጣ፣ ማንዋል ማርሽ፣ እስካሁን በጉዞ አሳፍራኝ የማታውቅ። ለዚህ ጉዞ ብዬ ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዕቃ ቤት ወስጄ ትልቅ ስክሪን፣ አምፕሊፋየርና ከፊት ሁለት ፓውዛ አስገጥሜላታለሁ። የገጠመው ልጅ ሦስቱንም ከምሳ በፊት ጨረሳቸው። ፍጥነቱን አድንቄ ጉርሻ ሰጠሁት።

ያደርነው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳንርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳዮች ባቡር መንገደኛውን አዋሽ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ከተማዋ ራሷ በሐዲዱ የመጣች ናት። አሁን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር 25 ሺህ ቮልት ከራሱ በላይ ዘርግቶ በአቅራቢያው ያልፋል። እኔ 12 ቮልት አጥቼ ቆሜያለሁ።

ከጅቡቲ መልስ ያደሩ የከባድ መኪና ሾፌሮች ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ መጥተው ገፉልን። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅ፤ ተነሣች። አንደኛው ሽማግሌ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው "እስኪሞቅላት እንዳታጠፋት፣ ልጄ" አሉኝ።

ባትሪ የሚሸጠው ሰው ሱቁን እስኪከፍት ጠበቅን። ቴስተሩን ደገነ፤ 11.6። "ባትሪህ ሞቷል፣ ወንድሜ። እዚህ አገር ሙቀቱ ነው የሚገድለው።" ይህ ውሸት አይደለም። የባትሪ ኬሚካል በሙቀት ይፈጥናል፣ ውኃው ይተናል፤ ደጋ ላይ ዓመታት የሚቆየው ቆላ ላይ ቶሎ ያረጃል። ግን ሙሉ ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል፣ ግማሹ ያለቀበት 12.2፤ 11.6 ማለት ባዶ ማለት ነው እንጂ ሞተ ማለት አይደለም። ባዶና ሙት የሚለዩት ሞልቶ እንደገና በመለካት ነው። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ባለ 70 አምፔር-ሰዓት አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ አሮጌውን ለሰውየው ትቼ ወጣሁ። ስንነሣ 8 ሰዓት ሆኗል።

አዋሽ አርባ፣ ገዋኔ። አየሉ ተራራ በስተግራም በስተቀኝም የሚዞር እስኪመስል ድረስ ለረጅም ሰዓት ከዓይን አይጠፋም። ከዚያ በኋላ የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ መጥቶ መንገዱን እንደ አጥር ይይዘዋል። ፍየል ከዚያ ውስጥ ብቅ ስትል ከጎማው በፊት አትታይም፤ ግመል ደግሞ ከነጭራሹ ለክላክስ ደንታ የለውም። ፓውዛ የሚገጥም ሰው ሁሉ ለጌጥ ነው የሚለው የከተማ ወሬ እዚህ አይሠራም። እኔንም ጨለማው ሚሌ ሳንደርስ ያዘኝ፤ አበራሁት። መንገዱ ቀን ሆነ። ሩብ ሰዓት ያህል ሄደን ጓደኛዬ አፍንጫውን ነፋ፦ "ላስቲክ ይሸታል።" ከመሪው ሥር ጭስ የመሰለ ነገር። ወዲያው አጠፋሁትና በመደበኛው መብራት እያዘገምን ሰመራ ገባን።

ሰመራ። ሁለት ሌሊት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ አደረች፤ ሥራችን በእግርና በባጃጅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ።

ቀጭ።

እንደገና በግፊ። ሎጊያ ከሰመራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር የሚበላባትና የሚያድርባት፣ በዚያው ልክ ጎሚስታና ኤሌክትሪሺያን የሞላባት ከተማ። ያገኘነው ኤሌክትሪሺያን ሠላሳ ያልሞላው የአፋር ልጅ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ጠበቅኩት፤ እሱ ግን በርሜል ጥላ ሥር ተቀመጠና "መጀመሪያ ንገረኝ" አለ። መቼ ነው የጀመራት? ከዚያ በፊት ምን ተጨመረ? ማን ገጠመው? ከማን ገዛሃት? ስክሪኑን በምን ታጠፋዋለህ፣ በቁልፉ ነው በጣትህ?

"ይሄማ ዳጉ ነው" አልኩት። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውን የሰማውን፣ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ ጠቡን አንድ በአንድ ይለዋወጣል፤ ወሬ ብቻ ሳይሆን አደራ ነው።

ሳቀ። "ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። ባለመኪና ግን ይዋሻል። ሁሉም ምንም አላስነካሁም ነው የሚለው።"

ቀኑ ቀትር ስለነበር ሥራውን ለንጋት አሳደረው። ምክንያቱን ስጠይቀው እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። መኪና ቆማ ሳለ የሚሞቅ ዕቃ ካለ ሌባው እሱ ነው፤ በመዳፍ ይገኛል። በሰመራና በሎጊያ ቀትር ግን ሁሉም ነገር ያቃጥላል፣ የበሩ እጀታም ጭምር። ባትሪውን አውጥቶ ሌሊቱን ቻርጅ ላይ ተወው።

ንጋት ላይ ያደረገውን ልጻፈው። ባትሪውን መለሰ፤ ኔጋቲቩን ግን በቀጥታ አላሰረም፣ በሽቦውና በባትሪው መካከል ቴስተሩን በአምፔር በኩል አስገባ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ ስክሪኑ በራሱ በራ። እንደ ልማዴ በጣቴ ተጫንኩት፣ ጠቆረ። ልጁ ግን ቴስተሩን ብቻ ነበር የሚያየው። 2.4 አምፔር። የቆመች መኪና ከ0.05 ባትበልጥ ይመረጣል። "ሞተሩን እንዳታስነሣ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል" ብሎ የውስጡን ፊውዞች አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። የቴፑን ሲነቅል ቁጥሩ ወደ 0.07 ወረደ። ከወንበሩ ሥር እጁን ከቶ አምፕሊፋየሩን ነካና "ንካው" አለኝ። በዚያ ቅዝቃዜ ሰዓት ለብ ብሏል።

ስክሪኑን ሲያወጣው ነገሩ በግልጽ ታየ። ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ፣ ቀዩ በቁልፍ ብቻ የሚነሣ መሆን ነበረበት። ያ ፈጣን ልጅ ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሏቸዋል፤ የፕላስተሩ ሙጫ ቀልጦ ተንሸራቷል። ስለዚህ ስክሪኑ ይጠቁራል እንጂ አይተኛም። እሱ ካልተኛ ደግሞ አምፕሊፋየሩን "ተነሥ" የሚለው ሰማያዊ ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ እንደነቃ ነው። አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ሌባ። ሒሳቡን አሸዋ ላይ ሠራንለት፦ አዋሽ ላይ በአንድ ሌሊት ወደ 28 አምፔር-ሰዓት ጠጥቷል፤ ሰመራ ላይ 70ው በ29 ሰዓት ገደማ አልቋል።

የቀረችውን 0.07 አልተዋትም። ሽቦ እየተከተለ ከመሪው ጀርባ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጂፒኤስ መዘዘ። የእኔ አይደለችም። የቀድሞው ባለቤት የት የት እንደዋልኩ ሲያይ ከርሞ እንደሆነ እንጃ።

ፓውዛው ይብስ ነበር። ሁለቱ አምፖሎች ባለ 55 ዋት ናቸው፤ አንድ ላይ 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። የተሳቡበት ሽቦ ግን የበር ደወል ሽቦ ያህል ቀጭን፣ ያለ ፊውዝ፣ ያለ ሪሌ፣ ጠቅላላው ጭነት በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል የሚያልፍ። የሸተተን እሱ ነው። ልጁ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው አወጣ፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ላይ ባለ 15 ፊውዝ አስገባ፣ ሪሌ ሰቀለ፤ ማብሪያው አሁን ሪሌውን ብቻ ያዛል። ሽቦው ብረት ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጠውን ጎማ አለበሰው።

እየሠራ ሳለ ሁለት ከባድ መኪኖች ወረፋ ይዘዋል። የእነሱ ሌላ ነው፤ 24 ቮልት፣ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ። ሾፌሩ ለቴፕና ለስልክ 12 ሲያምረው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይጠልፋል። ያኛው ባትሪ ይደርቃል፣ ጓደኛው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ። 24ን ወደ 12 የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ከባትሪ ጥንድ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም አይደለም። "ይህን ስነግራቸው እሺ ይላሉ፤ በወሩ እዚሁ ናቸው" አለ ልጁ።

በመልሳችን አዋሽ አደርን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለካሁት፤ 12.5። ሞተሪኖው በአንዴ ወረወራት። ከከተማው ሳንወጣ ባትሪ ሻጩ ጋ ቆም ብዬ የተውኩለትን አሮጌ ባትሪ ጠየቅኩት።

"እሱን? ቻርጅ አድርጌ ሸጥኩት" አለኝ። "አንድ ፒክአፕ ላይ ነው፤ አሪፍ ይሠራል።"