የማይታየው ብሎን

ድምፁ ትንሽ ነበር። «ቀጭ» አለ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው። እጄ ላይ የነበረው መፍቻ ባንዴ ቀለለኝ። ለአንድ ሰከንድ ያህል «ተፈታ!» ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ዳዶው ከነግማሽ ብሎኑ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ሲንከባለል አየሁት።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ ራዲዮ የሚያዳምጠው አባቴ ድምፁን ቀነሰ።

«ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል አባዬ። መፍቻ ወድቆብኝ ነው።»

ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ራዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገ። እኔም የተሰበረውን ቁራጭ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። ማን እንዳያየው እንደሆነ እንጃ። አባቴ አያይም።

መኪናዋ ቮልስ ናት፣ የ1966 እ.ኤ.አ. ምርት፣ ባለ 1300። አባቴ በ1975 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ነው የገዛት። እኔና ሁለቱ እህቶቼ ትምህርት ቤት የተመላለስነው በሷ ነው። ለበዓል አያታችን ጋ ደብረ ብርሃን ስንሄድም 130 ኪሎ ሜትሩን ከኋላ ተጠቅጥቀን፣ የዶሮው እግር ታስሮ እግራችን ስር ተኝቶ ነበር። የዓለም የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ እህቶቿ ቀድመዋት ተሠርተው ነበር። ብዙዎቹ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ነው የሚመስለኝ፤ እንጦጦ ዳገት ላይ አንዷ ሳትቀድመኝ ቀርታ አታውቅም።

አባቴ በ2005 ዓ.ም. መንዳት አቆመ። ግላኮማ ነው። መጀመሪያ ከጎን የሚመጣውን ማየት ተወ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ያለው እየጠበበ ሄደ። አንድ ቀን ከሰው ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈና መኪናዋን ግቢ አስገብቶ፣ ሸራ አልብሶ፣ ቁልፉን ለእማዬ ሰጣት። 11 ዓመት እዚያው ቆመች። ሥሯ ድመት ወለደች፣ ጎማዎቿ መሬት ለመሬት ተኙ።

እኔ የነካኋት በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ምክንያቴን ለሰው ስነግር «የአባዬን መኪና ላስነሳለት ብዬ» እላለሁ። እውነቱ ግን ሥራ ለቅቄ ነበር፣ ለአባቴም «እረፍት ወጥቼ ነው» ብዬዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቤት ለመዋል ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር።

ፍሪሲዮኑ በዝገት ተጣብቋል፣ ስለዚህ ሞተሩ መውረድ አለበት። አባዬ ገና ሳልጀምር «ማርሚታውን አሁን አትንካው፣ ሞተሩ ከወረደ በኋላ እንደልብህ ትሠራዋለህ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ዩቲዩብ አይቻለሁ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የማይፈታ ብሎን የለም። ሰውየው ይረጫል፣ ይቆርጡታል፣ በሚቀጥለው ምስል ዳዶው እጁ ላይ ነው። መሃል ላይ ስንት ቀን እንዳለፈ አያሳዩህም።

እኔም ጠዋት ደብልዩ ዲ ፎርቲ ነፋሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ተመለስኩ። መፍቻው እምቢ ሲለኝ ጫፉ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ሰካሁበትና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩ። «ቀጭ»።

በማግስቱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ቅዳሜ ቤት መጡልኝ። ጎንበስ ብለው የተሰበረውን አዩና ጠየቁኝ።

«ስንት ቀን ዘይት አጠጣኸው?»

«ጠዋት ነፍቼበት ነበር።»

«ጠዋት!» አሉ። «ይሄ እኮ 11 ዓመት ሲዝግ ነው የኖረው። አንድ ሳምንት ብትሰጠው ምን ትሆናለህ?»

ከዚያ ያስረዱኝን ነገር ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ። ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከወጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥራቸዋል። ጉልበት ስትጨምር ዝገቱ ከመልቀቁ በፊት 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ብሎን ተጠምዝዞ ይበጠሳል። የጭስ ማውጫ ብሎን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ስንት ሺህ ጊዜ ግሎ ስንት ሺህ ጊዜ ቀዝቅዟል፣ ብረቱ የገባበት ቴስታታ ደግሞ አልሙኒየም ነው።

የተሰበረውን ያወጡት በብየዳ ነው። ከቴስታታው ትንሽ ብቅ ባለችው ጉቶ ላይ አዲስ ዳዶ አጥልቀው፣ በመሃሉ ቀዳዳ በኩል ዳዶውንና ጉቶውን አንድ ላይ በየዱት። ብየዳው አልሙኒየሙን አይዝም፣ ብረት ከብረት ጋር ብቻ ነው የሚያያዘው። ሙቀቱም ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ትንሽ በረድ ሲል መፍቻ አግብተው ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ጥቂት ወደ ውጭ፣ ደግሞ ወደ ውስጥ እያሉ አወጡት።

«ወደ ውስጥ ለምን?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ማጥበቅ ነው። ትንሽ። ዝገቱ ከተሰነጠቀ በየትም በኩል ቢሆን ተሰነጠቀ። ሲከብድህ መልሰው፣ ዘይት ጨምር፣ እንደገና ና።»

ለቀሩት ሦስት ቀን ተሰጣቸው። ጠዋትና ማታ ዘይት ማጠጣት፣ የዳዶውን ጎን በመዶሻ ኮርኮር ማድረግ። መምታት አይደለም፣ ዘይቱ እንዲሰርግ ማንኳኳት ነው። መፍቻዬንም አስቀየሩኝ። ባለ 12 ጥርሱ የዳዶውን ማዕዘን ብቻ ይይዝና ሲያመልጥ ክብ ያደርገዋል፤ ባለ ስድስቱ ግን ጎኑን ሙሉ ይይዛል። በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ቤንዚኑ መዘጋቱን፣ ቱቦውም መነቀሉን ራሳቸው አይተው አረጋገጡ። እሳቱን ወደ ብሎኑ ሳይሆን ወደ ዳዶው አዞሩት፣ እሱ እንዲሰፋ። ከዚያ ቀና ብለው፦

«ጧፍ አለ ቤት?»

እማዬ ለጸሎት መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ ይዛ መጣች። እሳቸው እሳቱን አርቀው ጧፉን የጋለው ዳዶ ሥር አስነኩት። ሰሙ ቀልጦ፣ ጭስ እያወጣ በጥርሱ መካከል ሰረገ። ዳዶው ዞረ። እማዬ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ መካኒኩም «አሜን» አሉ።

ጉልበት አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። የኋላ ጎማው ዳዶ 36 ቁጥር ነው፣ የሚጠብቀውም ወደ 300 ኒውተን ሜትር በሚሆን ኃይል ነው። አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ከማንጠልጠል ጋር እኩል ነው። ዝገት ሲጨመርበት ደግሞ አስበው። እሱን መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ፣ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ተይዘው፣ የጠላሁትን ያንኑ ቱቦ ሰክቼ ላዩ ላይ ቆሜበት ነው የፈታሁት። ትልቅ ብሎን ይችላል። ቱቦው ጥፋት አልነበረውም።

የዚያን ቀን ማታ እራት ላይ አባዬ እንጀራውን እየቆረሰ፦

«ስንት ሰበርክ?» አለኝ።

«አንድ።»

«ማርሚታው ላይ።»

«አዎ።»

«ሰምቼዋለሁ እኮ። መፍቻ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ እንደዚያ አይጮህም።» ጎረሰ። «እኔም በጊዜዬ ሰብሬያለሁ። ግን ለምን ዋሸኸኝ? ስለማላይ ነው?»

እማዬ ወጡን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። ማንም መልስ አልሰጠም። ቤታችን ውስጥ ዓይኑ ከደከመ ጀምሮ ሁላችንም ትንንሽ ውሸት ለምደናል። ብርጭቆ ሲሰበር «ምንም አይደል»፣ ደብዳቤ ሲመጣ «የመብራት ሂሳብ ነው»። እንዳይጨነቅ ብለን ነበር። አድሮ ሲታየኝ ግን ለኛ ስለሚቀለን ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባሰውን ውሸት ይዤ ነበር።

ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት አራት ናቸው፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። የታቾቹን ከሥር ተኝቼ እያየሁ ፈታኋቸው። የላይኞቹ ግን ከፋኑ ትልቅ ቆርቆሮ ጀርባ ናቸው፤ እጅ ይገባል እንጂ ዓይን አይገባም። የቀኙ ብሎን ራሱ እንዳይዞር ተደርጎ የተቀረጸ ስለሆነ ለግማሽ ሰዓት ጣቴ እስኪላጥ ታግዬ ብቻዬን ተወጣሁት። የግራው እምቢ አለ። ከላይ ዳዶውን ሳዞር ከታች ብሎኑ አብሮ ይዞራል። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከሥር ራሱን ይይዛል፣ አንዱ ከላይ ይፈታል።

መካኒኩን ልደውልላቸው ስልኬን ሳወጣ አባዬ ከበረንዳው ተነሳ።

«17 ቁጥሩን አምጣ።»

«አባዬ፣ እዚያ ጋ እኮ ምንም አይታይም።»

«ታዲያ!» አለና ሳቀ። «ማን አይቶት ያውቃል?»

ክንዱን ይዤ ወደ መኪናዋ ኋላ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ መምራቴን ተወኝ። የሞተር ክዳኑን ጠርዝ ዳሰሰ፣ ጄኔሬተሩን፣ የፋኑን ቆርቆሮ። እጁ ከትከሻው ጀምሮ ከቆርቆሮው ጀርባ ጠፋ። እኔ ሳማትር የከረምኩበትን ቦታ እሱ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ አገኘው።

«ይዤዋለሁ። ግባ ሥር።»

በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁና በሌላ 17 ቁጥር የብሎኑን ራስ ያዝኩ። ከዚያ የማየው ጫማውን ብቻ ነው።

«ያዝክ?»

«ይዣለሁ።»

«ቀስ ብዬ ነው የምዞረው።» መፍቻው ተንቀሳቀሰ። እያንዳንዷ ዙር እጄ ላይ ትደርሰኛለች። ከላይ ሆኖ እንደዋዛ፦ «እረፍትህ ረዘመ» አለኝ።

ከመኪና ሥር ሆኖ መዋሸት ይቀላል ብዬ አስብ ነበር። ፊት ለፊት አንተያይም፣ እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

«ሥራውን ለቅቄያለሁ አባዬ። ሁለት ወር ሆነኝ።»

መፍቻው ቆመ። ጫማው አልተነቃነቀም። ከዚያ እንደገና መዞር ጀመረ።

«እሺ» አለ። «አጥብቀህ ያዝ፣ እየለቀቀ ነው።»

ሞተሩን ክሪክ ደግፎታል። ዳዶው ወጣ፣ ብሎኑን እኔ ከታች ሳብኩት። 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ሞተር ወደ ኋላ ከመሳባችን በፊት ብሎኑን ብርሃን ላይ አየሁት። ዝገት የለበትም። ጥርሱ ውስጥ የደረቀ ጥቁር ግሪስ ነበር።

«በ1989 ፍሪሲዮን ስቀይር ቀብቼው ነበር» አለኝ። «ያኔ እኔን ስላሰቃየኝ።»

አዲሱን ፍሪሲዮን ከሶማሌ ተራ አገኘን። ሞተሩን የመለስነው በጥቅምት ነው፣ በዚያው አቀማመጥ፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ብሎኑን ከማስገባቴ በፊት፦

«ቀባኸው?» አለኝ።

«ቀባሁት።»

«በደንብ?»

ከሥር ወጥቼ ብሎኑን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ራሱ ጥርሱን ዳሰሰው፣ ግሪሱንም በጋቢው ጫፍ ጠረገ። እማዬ ስታየው እንደምትጮህ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግባ።»