ቅጥሩን በሌሊት አይቶ በቀን የተናገረው ሰው



ዛሬ የምናካፍላችሁ ነገር ስለ ኮምፒውተር ምርመራ ነው። ለመድረክ የሚሆን ርእስ አይመስልም፤ ነገር ግን ጌታ እኛን ሽማግሌዎችን የገሠጸን በዚህ በኩል ስለሆነ ዝም ልንል አልወደድንም።

ጉባኤያችን ችግረኛ ልጆችን የሚረዳ አንድ ፕሮጀክት አላት። የልጆቹ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የቤተሰባቸው ሁኔታና የሚደርሳቸው ድጋፍ ሁሉ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሙያዋ የቴክኖሎጂ ኦዲተር የሆነች አንዲት እኅታችን «ሥራችሁን በነጻ ልመርምርላችሁ» አለችን። ደስ ብሎን ፈቀድንላት። ሁለት ሳምንት ሠርታ 38 ገጽ ሪፖርት ይዛ መጣች።

በስብሰባው ላይ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቀው ወጣት ወንድማችንና እኛ ሽማግሌዎች ተቀመጥን። እኅታችን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። ሥራ ለቀው የሄዱ ሰዎች የመግቢያ ፈቃድ አልተዘጋም። በአንድ ፓስወርድ 5 ሰው ይገባል። ባክአፕ ይወሰዳል እንጂ ተመልሶ ይከፈት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልተሞከረም። እንዲህ እያለች 27 ግኝት ዘረዘረች፤ ሁሉንም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ክብደት።

ያነበበችው ሁሉ እውነት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ሰዓቱን እያየ «እኅቴ፣ ጠቅላላው ስንት ብር ያስወጣናል?» አላት። ወጣቱ ወንድማችን በሰው ፊት የተከሰሰ መስሎት አንገቱን ደፋ። እኛስ? ከሰማነው ግማሹ አልገባንም፤ «አልገባንም» ለማለት ደግሞ አፈርን። «ጌታ ይባርክሽ፣ ጥሩ ሥራ ነው» ብለን በጸሎት ዘጋን። ሪፖርቱም መሳቢያ ገባ።

ከ4 ወር በኋላ ዋናው ኮምፒውተር ተበላሸ። ባክአፑ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። የ2 ዓመት መዝገብ ጠፋ። ወረቀት ለወረቀት እያመሳከርን እንደገና እስክንመዘግብ ድረስ ለመስከረም የታሰበው ድጋፍ ለልጆቹ የደረሰው በኅዳር ነው። አንዲት እናት ደብተር ያልተገዛለትን ልጇን በእጇ ይዛ በቢሮው በር ላይ ቆማ ያየናት ዕለት እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ያደረግነው ጥፋተኛ መፈለግ ነበር። ወጣቱን ጠራነው። «አባቶቼ» አለን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለባክአፕ የሚሆን ዲስክ እንዲገዛልኝ 2 ጊዜ ጽፌ ነበር።» ደብዳቤዎቹ ተፈልገው መጡ። በአንደኛው ግርጌ ላይ የእኛው ፊርማ አለ፤ ከፊርማው በላይ «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ቃል ተጽፏል። እርስ በርሳችን ተያየን። በዚያው ቀን ወንድማችንን ይቅርታ ጠየቅነው።

እኅታችንንም እንደገና ጠራናት። እርሷ ግን ከእኛ ቀድማ «ከጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት። እውነቱን ይዤ መጣሁ እንጂ ለማን ምን እንደምነግር አልለየሁም» አለች። ሁለተኛውን ሥራዋን ስናይ ብዙ ተማርን።

በመጀመሪያ ምንም ሳትጽፍ ከወጣቱ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እያንዳንዱን ግኝት እያሳየች «ትክክል ነው? ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ ጠየቀችው። 2ቱ ግኝቶች ስሕተት መሆናቸውን አስረዳት፤ ሰረዘቻቸው። የለቀቁ ሰዎች ፈቃድ ያልተዘጋውም እርሱ ቸል ብሎ አልነበረም። ሰው ሥራ ሲለቅ ለእርሱ የሚነግረው አልነበረም! በፊተኛው ሪፖርት «የባለሙያ ቸልተኝነት» ተብሎ የተጻፈው ምክንያት በሁለተኛው «ቢሮው የሚለቁ ሠራተኞችን ለኮምፒውተር ክፍል የማሳወቅ ልማድ የለውም» ሆነ። መፍትሔውም ከወጣቱ ጠረጴዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ተሻገረ። ስብሰባው በደረሰ ጊዜ ወንድማችን የሚደነግጥበት አዲስ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ከእርሷ ጎን ተቀምጦ ያስረዳ ነበር።

ለእርሱ የሰጠችው ወረቀት ዝርዝር ነበር፤ የትኛው ኮምፒውተር፣ የማን የመግቢያ ስም፣ በየትኛው ቀን እንደታየ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚስተካከል። ባለሙያ ማስረጃ ካላየ አያምንም፣ ዝርዝር ከሌለውም ሊሠራ አይችልም።

ለሥራ አስኪያጁ ያዘጋጀችው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የሶፍትዌር ስም አልጠቀሰችም። «ጋሼ፣ ይህ ኮምፒውተር ነገ ጠዋት አልነሣም ቢል የልጆቹ ክፍያ ስንት ቀን ይዘገያል?» ብላ ጠየቀችው። መልሱን ከእርሷ በላይ እርሱ ያውቀዋል፤ «አይተነዋል እኮ፣ 2 ወር» አለ። የዲስኩን ዋጋ ከጎኑ አስቀመጠችለት። ይገዛ ያለው እርሱ ራሱ ነው።

ለእኛ ደግሞ ከእኛ በቀር ማንም ሊወስናቸው የማይችል 3 ጉዳዮችን ብቻ አቀረበች። ሌሎቹን እንደ ክብደታቸው ደርድራ አስቀመጠቻቸው። በእያንዳንዱ ፊት ምን መሆን እንደነበረበት፣ ምን እንደተገኘ፣ ለምን እንደሆነ፣ ቢቀር ምን እንደሚያስከትልና ምን መደረግ እንዳለበት በአጭር ተጻፈ። በመጨረሻም የሚሠራው ሰውና ቀኑ ተጻፈ። አንዱን ጉዳይ በገንዘብ እጥረት ለማቆየት ስንፈልግ «ማቆየትም ውሳኔ ነው፤ አደጋውን አውቀን ተቀብለናል ብላችሁ ፈርሙበት» አለችን። «ለጊዜው ይቆይ» ብሎ መፈረም እንደ ፊተኛው ቀላል አልሆነልንም።

ይህ የትንሽ ቢሮ ድካም ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚመዘግብ ኢኩዊፋክስ የተባለ ትልቅ ኩባንያ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 የገዛ ራሱ ኦዲት ከ8,500 በላይ የታወቁ ድክመቶች ሳይጠገኑ መከማቸታቸውን አገኘ፤ መስተካከላቸውን የሚያጣራ የክትትል ኦዲት ግን አልተደረገም። በማርች 2017 ስለ አንድ አደገኛ የሶፍትዌር ቀዳዳ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ፣ መልእክቱ በኩባንያው ውስጥ ከ400 ለሚበልጡ ሰዎች ተላለፈ። ያ ሶፍትዌር በሥራ ላይ መሆኑን የሚያውቀው ባለሙያ ግን ከእነርሱ መካከል አልነበረም፤ አለቃው ደርሶት ሳለ አላስተላለፈለትም። ሌቦች በዚያው ቀዳዳ ገብተው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰዱ። ይህን የሚገልጸው የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በ2019 ያወጣው ሪፖርት ነው። ማስጠንቀቂያው ለብዙዎች ደርሶ ሳለ ሊሠራበት ለሚችለው ሰው አልደረሰም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነህምያ ምዕራፍ 2ን ስናነብ እንደ አዲስ ሆነብን። ይህን ክፍል በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምረነዋል፣ በመድረክም ብዙ ጊዜ ሰብከንበታል። ነህምያ ኢየሩሳሌም ደርሶ 3 ቀን ከቆየ በኋላ ጥቂት ሰዎች ይዞ በሌሊት ወጣ፤ የፈረሰውን ቅጥርና በእሳት የተቃጠሉትን በሮች በዓይኑ መረመረ። ሳያይ አልተናገረም። ካየ በኋላ ደግሞ ዝም አላለም፤ ለካህናቱም ለታላላቆቹም ለሚሠሩትም ነገራቸው። አነጋገሩን ልብ በሉ። እርሱ ከሱሳ ቤተ መንግሥት የመጣ እንግዳ ነው፤ ቅጥሩ ሳይጠገን በቀረባቸው ዓመታት በዚያ አልነበረም። «ቅጥራችሁን አፍርሳችሁ ተቀመጣችሁ» ቢላቸው ማን ይከራከረዋል? እርሱ ግን ጉስቁልናውን የእነርሱና የራሱ አድርጎ አቀረበው፤ አብረው እንዲሠሩም ጠራቸው። የአምላኩ እጅ በእርሱ ላይ መልካም እንደሆነችም ነገራቸው። ሕዝቡም ተነሣ።

ምዕራፍ 3 ደግሞ የስም ዝርዝር ስለሆነ ብዙዎቻችን ዘለነው እናልፋለን። ሥራው ግን ያለው እዚያ ነው፤ ማን የትኛውን በር እንደሠራ፣ ማን በቤቱ ትይዩ ያለውን እንዳደሰ በየስሙ ተጽፏል። የቴቁሐውያን ታላላቆች ትከሻቸውን ለሥራው እንዳልሰጡም ሳይቀር ተመዝግቧል። ያ ቅጥር በ52 ቀን ተፈጸመ።

ወገኖቻችን፣ ኦዲተር ባትሆኑም ለሌላው የምትነግሩት ከባድ እውነት በእጃችሁ ሊኖር ይችላል፤ በመሥሪያ ቤት፣ በትዳር፣ በአገልግሎት። አይታችሁ ተናገሩ። ለሚሰማው በሚገባው ቋንቋ ተናገሩ፤ ነቢዩ ናታን እረኛ ለነበረው ንጉሥ የበግ ታሪክ ይዞ እንደሄደ። ከተቻለም «እናንተ» ከማለት «እኛ» ማለትን ምረጡ።

የመሪነት ወንበር ላይ ላለን ደግሞ ሌላ አደራ አለ። ያልገባንን «አልገባንም፣ አስረዱን» ብለን እንጠይቅ። እኛ በወንበራችን ማፈራችን ያቺን እናት በር ላይ አቁሟታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን፤ በሽታው ተነግሮት በመሳቢያ የቆለፈስ?

ወጣቱ ወንድማችን ዛሬም አብሮን ያገለግላል። በየሦስት ወሩ ባክአፑን እኛው ፊት ይከፍተዋል፤ የአንድ ልጅ ስም እንጠራለን፣ ፎቶግራፉ በስክሪኑ ላይ ይመጣል። ከዚያ ለዚያ ልጅ እንጸልያለን።

ጌታ የሚሰማ ጆሮና እውነትን በፍቅር የሚናገር አንደበት ይስጠን። ተባረኩ።