የእሳት ራትና ተምች

በብቸናና በሞጣ በመምህርነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት የተማሪዎችን ደብተር የማርመው ማታ በፋኖስ ብርሃን ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል የእሳት ራቶች ፋኖሱን ይከብቡታል። «የእሳት ራት» የሚለው ስም ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ በሁለት ቃል የፍጥረቱን ፍጻሜ ይናገራል። ምን በልቶ እንዳደገ ግን አይናገርም።

ከእነዚህ ክንፋሞች አንዳንዶቹ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በማሳ ውስጥ ተምች ነበሩ። ተምቹ ጤፉንና ገብሱን ከበላ በኋላ አፈር ውስጥ ገብቶ ይሰነብትና ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ስናገር አንድ የገበሬ ልጅ፣ «መምህር፣ እንግዲያው የአባቴን ጤፍ የፈጀው ይህ መብራት ላይ የሚረግፈው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን፣ እርሱ ነው። ለአንድ ፍጥረት ሁለት ስም አለን ማለት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ገጠመን። የትውልድ አገሩ አሜሪካ የሆነ ሌላ ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎን ክፉኛ ጎዳ። ሕዝቡም በለመደው ስም ተምች አለው። ሆኖም የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። ነባሩ በመንጋ መጥቶ ያገኘውን ሣርና እህል ግጦ ያልፋል። መጤው ግን በበቆሎው እምብርት ተሸሽጎ ይበላል፤ ትውልድ በትውልድ እየተተካም ይሰነብታል። «እንደ መጣ ይሄዳል» ብሎ የሚጠብቅ ገበሬ በቆሎውን ያጣል፤ ትሉን ገና በትንሽነቱ በእጁ እየለቀመ የሚገድል ግን ብዙውን ያተርፋል። ስም እዚህ ላይ የጎተራ ጉዳይ ይሆናል።

ሊኒየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳትን በሁለት ቃል ሰየመ። የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ በሳይንስ ስም ግን ቀድሞ የሚጠራው ወገን ነው። ነባሩ ተምች ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ፣ መጤው ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ ይባላሉ። ከስማቸው ዘመዳሞች መሆናቸውንም፣ አንድ አለመሆናቸውንም እንረዳለን። «ስፖዶፕቴራ» በግሪክኛ አመድማ ክንፍ፣ «ፍሩጂፔርዳ» በላቲን ሰብል አጥፊ ማለት ነው። የጎጃም ገበሬ ስም አውጣለት ቢባል ከዚህ የራቀ የሚሰጠው አይመስለኝም።

ልዩነቱን በማሳ ለማየት የሚፈልግ ተማሪ የትሉን ራስ ይመልከት። በመጤው ግንባር ላይ የ«ለ»ን ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት አለ፤ ከጅራቱ አጠገብም አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል።