ይድረስ ለአጎቴ፣ ከቴፒ

ቴፒ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

ባለፈው በስልክ «ካሜራ ተሸክሞ ለመዞር ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልገዋል?» ብለውኝ ነበር። ያን ለት ለመመለስ ኔትወርኩም አልፈቀደ፣ እርስዎም ቶሎ ዘጉት። ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ በጽሑፍ ልመልስልዎ።

ወደ ቴፒ ያመጣኝን መንገድ አላስረዝምብዎትም። ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን፣ ከሚዛን ቴፒ፤ በጠቅላላው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቴፒ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ የደብረ ማርቆስ ግማሽ ማለት ነው። ጋቢ ይዞ የመጣ ሰው አጥፎ ይንተራሰዋል እንጂ አይለብሰውም። ጓሮው ሁሉ ቡና፣ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ነው። የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሉን እዚህ ያቋቋሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለመመረቂያ የምሠራው አጭር ዘጋቢ ፊልም ስለ ቡና ለቀማ ነው። ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ነው የመጣሁት። ቡናው የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር መሆኑን ያውቃሉ። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለካሜራ ግን ፈተና ነው። ፀሐይዋ በቅጠል ተጣርታ ስለምትወርድ ሥሩ ያለው ነገር ሁሉ አረንጓዴ ይቀባል። ዓይናችን ይህን ሳናውቀው ያርመዋል፤ ካሜራው አያርመውም። የለቃሚዋ ፊት ይገረጣል፣ ቀዩ ፍሬ ይደበዝዛል። ስለዚህ ነጭ ወረቀት ከፊቷ አጠገብ ይዘን «ነጭ ማለት ይህ ነው» ብለን ለካሜራው እናስረዳዋለን፤ ዋይት ባላንስ የምንለው ይህንን ነው። ደመና ባለፈ ቁጥር፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው በሄድን ቁጥር እንደገና እንጀምራለን። ቀጥሎ የብርሃኑ መጠን ይመጣል። በቅጠሉ መሃል ለሚታየው ሰማይ ካስተካከልን ፊቷ ጠቁሮ ይጠፋል፤ ለፊቷ ካስተካከልን ሰማዩ ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለማን እናድላ? እኔ ለፊቷ አድልቻለሁ። ማሽኑን ብንተወው ለሁለቱም ሳይሆን ቀርቶ መሃል ላይ ይቆማል።

ድምፅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። እዚህ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ ቃለ መጠይቅ ብሎ ነገር የለም። ጫካ ውስጥም ብንሆን በየቀረጻው መጨረሻ ሁላችንም ዝም ብለን ቆመን የቦታውን ድምፅ ብቻ ለአንድ ደቂቃ እንቀዳለን፤ በኋላ በኤዲቲንግ ንግግር ሲቆረጥ ክፍተቱን የምንሞላው በሱ ነው። ለቃሚዎቹ በጣም የሚስቁብን ይህን ጊዜ ነው። ሦስት ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ማይክ አንጠልጥለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ምንም የማይናገር ቁጥቋጦ ሲያዳምጡ ቢያዩ እርስዎም ይስቁ ነበር።

ትልቁ ትምህርት ግን ከዕቃው አይደለም። በዚህ አካባቢ ሸኪ ኖኖ፣ ሸኮ፣ መዠንግ፣ ቤንች፣ ካፊ ኖኖ ይነገራል፤ ከተማው በአማርኛ ይግባባል። አንዲት ባለማሳ እናት በራሳቸው ቋንቋ ረዥም መልስ ሰጡን። አብሮን የነበረው አስተርጓሚ «ድሮ ይሻል ነበር ነው የሚሉት» ብሎ ዘጋው። አላመንኩም። ቅጂውን ይዘን ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ግቢ ሄድን። የአካባቢው ልጆች ቁጭ ብለው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መለሱልን። ሴትዮዋ የተናገሩት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ማሳውን ከባል ወንድሞች እንዴት እንዳስጠበቁ ነው! አሁን ፊልሙ የሳቸው ሆኗል። የለቀማው ነገር ጀርባ ሆኖ ይታያል እንጂ ዋናው እሱ አይደለም።

ስለ ኢትዮጵያ ቡና በውጭ ብዙ ከተወራላቸው ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ብላክ ጎልድ» ነው። ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ናቸው የሠሩት። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየኑን ታደሰ መስቀላን ተከትለው ገበሬው የሚያገኘውንና ምዕራባዊው ለአንድ ስኒ የሚከፍለውን ጎን ለጎን አሳይተዋል። ጥሩ ፊልም ነው፤ ነገር ግን ስለ ዋጋ ነው። ማሳው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ እኛው ካልጠየቅነው ማን ይጠይቀዋል?

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ፊልም የተማረው አሜሪካ ተሻግሮ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 አገሩ መጥቶ በጥድፊያ ሲቀርጽ የጠየቀውም ይህንኑ የመሬት ጥያቄ ነበር፤ ፊልሙ ስለ ገባርና ባለ መሬት ነው። ሌላዋ ፊልሙ «ጤዛ» ቬኒስ ላይ የተሸለመችው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እኔ ይህንኑ ሙያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብዬ እየተማርኩ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ጋሼ።

እንጀራ ይወጣዋል ወይ ለሚለው ደግሞ አልዋሽዎትም። ከእኛ በፊት ከተመረቁት ብዙዎቹ ሠርግ ቀራጭ፣ ማስታወቂያ ሠሪ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ናቸው። እኔም የቤት ኪራዬን የምከፍለው ሠርግ እየቀረጽኩ ነው። 6 ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ደርቆ ተፈልፍሎ 1 ኪሎ ነው የሚወጣው፤ ከቀረጻችን የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ ነው፤ ሙያውም እንደዚያው ነው። እኔ ግን አልተውም።

ፊልሙ ሰኔ ላይ ለመምህራንና ለእንግዶች ይታያል። የመኪናውን ትኬት እኔ እቆርጣለሁ፤ እትዬን ይዘው ይምጡና አይተው ይፍረዱ። ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ በአገር ልጅ እጅ ልኬላችኋለሁ፤ ሲደርሳችሁ ይደውሉልኝ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ