ትኬት የማይቆረጥለት አገር

"አገርህን ጎብኝ" ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ሆቴል፣ አስጎብኚና የመግቢያ ትኬት ነው። በመምህር ደመወዝ የሚኖር ሰው ደግሞ ነገሩን ገና ሳይጀምረው ይተወዋል። "ለሞላለት ነው!" ብሎ ይዘጋዋል።

እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በትንሽ ብር ስዞር የገባኝ ነገር አለ። የጉዞ ትልቁ ወጪ መድረስና ማደር ነው። እሱን በነፃ የሚሰጥህ የለም። ከደረስክ በኋላ ያለው ግን አብዛኛው በነፃ ነው። ችግሩ፣ ነፃው ነገር ማስታወቂያ የለውም፤ ፈልገህ ማግኘት አለብህ።

ሐረርን እንይ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በግንብ የታጠረ 48 ሄክታር ገደማ የሚሆን ከተማ ነው። 82 መስጊዶች አሉት። ሰው የሚኖርበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ ቡና የሚቆላበት ሰፈር ስለሆነ ለመግባት ማንም "ትኬት አምጣ" አይልህም። ሙዚየሞቹ ያስከፍላሉ፣ ጎዳናው ግን አያስከፍልም።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ግንቡን በእግር መዞር ነበር። አምስቱን ጥንታዊ በሮች፣ ሸዋ በርን፣ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርን፣ ኤረር በርንና ፈላና በርን እየቆጠርኩ። ስድስተኛው፣ መኪና የሚገባበት በር፣ ኋላ የተጨመረ ነው። ግንቡ ሥር ደግሞ ጅቦች ማታ ማታ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሰውና ጅብ በየራሳቸው በር የሚገቡበት ከተማ የት ይገኛል? ይህን ሁሉ ያየሁት በአንድ ጠርሙስ ውሃና በእፍኝ ቆሎ ነው።

በሁለተኛው ቀን ዝም ብዬ ጠፋሁ። ጀጎል ውስጥ መጥፋት አያስፈራም፤ በየት በኩል ብትሄድ መጨረሻህ ወይ ግንብ ወይ በር ነው። እንዲህ ስዞር መኪና ግርግር ደረስኩ። ስሙ የመጣው ከመኪና መንገድ አይደለም፣ ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ቆም ብዬ ሳይ አንዱ ጎልማሳ "አቦ ምን ቆምክ፣ ቁጭ በል" አለኝና በርጩማ ገፋልኝ። ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ሠርግ ልብስ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ስናወራ አንድ ሰዓት አለፈ። መምህር መሆኔን ሲያውቅ ደግሞ የልጁን የሒሳብ ውጤት አማከረኝ። ይሄኛውን የትኛው አስጎብኚ ይሸጥልሃል?

ነፃውን ነገር እንዴት ታገኘዋለህ ለምትሉኝ፣ የኔ ዘዴ አንድ ጥያቄ ናት። ሊስትሮውን፣ የባጃጁን ሾፌር ወይም ያከራየችኝን ሴትዮ "እዚህ ምን የሚታይ አለ?" ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ካልኩ ለእንግዳ የሚነገረውን ይነግሩኛል። የምጠይቀው "እናንተ ሥራ በሌላችሁ ቀን የት ትሄዳላችሁ?" ብዬ ነው። ባሕር ዳር ላይ ይህችው ጥያቄ ወደ ጣና ዳር ላከችኝ። የደሴት ገዳማቱን ለማየት የጀልባ ይከፈላል፤ በሐይቁ ዳር መሄድ፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ሲቀዘፍ ማየት ግን በነፃ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ አመሻሽ ላይ በእግር ሲሻገሩት ውሃው ከሐይቁ ወጥቶ ጉዞ ሲጀምር ይታያል። በመጽሐፍ "ዓባይ ከጣና ይወጣል" ብሎ ማስተማርና እላዩ ላይ ቆሞ ማየት ለየቅል ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ካላንደር ነው። እስቲ አስቡት፣ ከአገራችን በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገቡት በዓላት መካከል መስቀል (እ.ኤ.አ. 2013)፣ ፊቼ ጨምበላላ (2015)፣ ጥምቀት (2019)ና የሐረሩ ሹዋሊድ (2023) ይገኛሉ። ዓለም የመሰከረላቸው እነዚህ በዓላት የአደባባይ ናቸው፣ ትኬት አይቆረጥላቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልምከር፦ ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ካሰባችሁ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ወይ ዘመድ ፈልጉ። በዓሉ በነፃ ነው፣ አልጋው ግን በዚያ ሳምንት ሰማይ ይነካል።

ግን ነፃ ማለት ዝርፊያ ማለት አይደለም። ይሄን በደንብ ብናወራበት ደስ ይለኛል። ገበያ ላይ የተቀመጠችን እናት ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነፃ አይደለም፤ እሷ ከፍላለች፣ በክብሯ። ማታ ሐረር ላይ ጅብ የሚያበላው ሰው ሥራው ነው፣ ይከፈለዋል፣ ይገባዋልም። ሌላው የከፈለበትን ጨለማ ውስጥ ተደብቆ አይቶ መሄድ ብልጠት አይባልም። በነፃ ባየሁበት ቀን ያተረፍኳትን ብር ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጋ ተቀምጬ አወጣታለሁ። ሰላምታ፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ቦታውን ማክበር፣ እነዚህ ብር የማይጠይቁ ክፍያዎች ናቸው።

ይሄን ሁሉ ለምን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ጣና ሳስረዳ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ አንተ አይተኸዋል?" አለኝ። አይቼዋለሁ ስለው ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስለ ሐይቁ አልነበረም። "ስንት ብር ፈጀብህ?" ነበር። ለነዚህ ልጆች አገር ማየት የፈረንጅና የሀብታም ሥራ ነው። የራሳቸውን አገር እንደ ሰው ቤት በአጥር ያዩታል።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ "እንግዳ ቢመጣባችሁ ያለምንም ብር የምታሳዩት ሦስት ነገር ከሰፈራችሁ ጽፋችሁ አምጡ።" መጀመሪያ ተንጫጩ፣ "ቲቸር እኛ ከተማ ምን አለና!" አሉ። ሰኞ ያመጡትን ሳነብ ግን ተገረምኩ። አንዷ አያቷ ጥጥ ሲፈትሉ ከጎናቸው መቀመጥን ጻፈች። አንዱ ከብቶች ማታ ሲገቡ አቧራው በፀሐይ ወርቅ የሚመስልበትን መንገድ ጻፈ። ሌላው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ጉብታ ጻፈና "ከዚህ ላይ ሆኜ ትምህርት ቤታችን ትንሽ መሆኗን አየሁ" ብሎ ጨረሰ። እኔ ራሴ ስንት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው፣ ጉብታው ላይ የወጣሁት እሱን ካነበብኩ በኋላ ቅዳሜ ነው። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ናት።

እስቲ እናንተም የከተማችሁን አንድ ነፃ ነገር ከታች ጻፉልኝ። ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ እግዜር ካለ፣ አንዳችሁ ጋ ብቅ እላለሁ።